ስለ ትናንት የሳተ ምስክር ስለ ነገ ይታመናልን?

በአገራችን የሸንጎ ልማድ ምስክር ከማለ በኋላ የሚጠየቀው ዐይኑ ያየውንና ጆሮው የሰማውን ነው። ገና ያልሆነውን ነገር መስክር ብሎ የሚያስገድደው ዳኛ የለም፤ ቢያስገድደውም ምስክሩ ይህ የነቢይ እንጂ የእኔ ፈንታ አይደለም ብሎ ቢመልስ የሚነቅፈው አይገኝም። በዛሬው ዘመን ግን ስለ ትናንት ብቻ ሳይሆን ስለ ነገም እንዲመሰክር በየሸንጎው የሚጠራ አዲስ ዐይነት ምስክር ተነሥቷል። ይህ ምስክር ሥጋና ደም የሌለው፥ ከቍጥርና ከቀመር የተበጀ፥ በታላላቅ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚኖር የአየር ጠባይ ሞዴል ነው። ግድብ የሚገድበው መሐንዲስ፥ የእህል ጎተራ የሚያደራጀው ሹም፥ ለመንደር ውሃ የሚያወጣው ሠራተኛ ሁሉ ከሠላሳና ከአምሳ ዓመት በኋላ ዝናሙ ይበዛ ወይም ያንስ እንደ ሆነ ከእርሱ አፍ ለመስማት ይፈልጋሉ።

እንግዲህ አንድ የቈየ የኅሊና ጥያቄ አዲስ ልብስ ለብሶ ይመለሳል። ምስክርን የምንመዝነው ባለፈው ቃሉ ነው። የትናንቱን ነገር አሳስቶ የተናገረ ስለ ነገ ቢናገር ልናምነው ይገባናልን? ደግሞስ ስለ ትናንት እውነቱን የተናገረ ሁሉ ስለ ነገም እውነተኛ ነውን? ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ብቻ መስሎ እንዳይታየን ያስፈልጋል። በምስክሩ ስሕተት የሚጎዳው ቀመሩን የጻፈው ሊቅ ሳይሆን ከብቱን ወደ ውሃ የሚነዳው አርብቶ አደርና ዘሩን በደረቅ ዐፈር ላይ የሚበትነው ገበሬ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የዕውቀት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

አስቀድመን ሞዴል የሚባለው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንመልከት። አየርና ውሃ የሚመሩባቸው ሕጎች አሉ። ሙቀት ውሃን ወደ ተን ይለውጣል፤ ተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ደመናና ዝናም ይሆናል፤ ነፋስ ግፊቱ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይነፍሳል፤ የምድርም መዞር ነፋሱን ከመንገዱ ያጣምመዋል። እነዚህ ሕጎች በሒሳብ ቋንቋ ተጽፈዋል። ሞዴል የሚሠራው ሰው የዓለምን አየርና ውቅያኖስ እጅግ ብዙ በሆኑ ሣጥኖች ይከፋፍልና በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ያለውን ሙቀት፥ ግፊት፥ እርጥበትና ነፋስ ከጊዜ ወደ ጊዜ እያሰላ ይሄዳል።

ይህን መንገድ በተግባር የሞከረው የመጀመሪያው ሰው እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ነው። ሪቻርድሰን የኲዌከር እምነት ተከታይ ስለ ነበረ ሰው መግደልን ኅሊናው አልፈቀደለትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ ሳይዝ፥ በፈረንሳይ የጦር ግንባር ቍስለኛ የሚያመላልስ የአምቡላንስ ሾፌር ሆኖ አገለገለ። ከሥራው በተረፈው ሰዓት በእጁ እያሰላ በሜይ 20 ቀን 1910 የመካከለኛው አውሮፓ አየር በስድስት ሰዓት ውስጥ እንዴት እንደ ተለወጠ ለማግኘት ደከመ። ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ቀኑ ካለፈ ዓመታት ሆኖታል፤ መልሱም በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል። የሪቻርድሰን ሐሳብ ነገን ለመተንበይ ሳይሆን ዘዴው ትናንትን መልሶ ሊያገኝ ይችል እንደ ሆነ ለመፈተን ነበረ። ውጤቱ ግን ተስፋ የሚያስቈርጥ ሆነ። በስሌቱ መሠረት የአየሩ ግፊት በስድስት ሰዓት ውስጥ 145 ሚሊባር ያህል ጨመረ፤ በእውነቱ ግን በዚያ ቀን ግፊቱ ከሞላ ጎደል አልተለወጠም ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ባቃጠለው ነበር። ሪቻርድሰን ግን በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ስሕተቱን ከነቍጥሩ ለዓለም አወጣው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ስሌቱን ደግመው በመረመሩት ጊዜ የስሕተቱ ምንጭ የዘዴው መሠረት ሳይሆን፥ መነሻ የሆኑት የግፊትና የነፋስ ልኬቶች እርስ በርሳቸው ያልተጣጣሙ መሆናቸው ተገለጠ፤ ልኬቶቹ ተለዝበው በተሰሉም ጊዜ ውጤቱ ከእውነቱ ጋር ተቀራረበ። ስሕተቱ ተሰውሮ ቢቀር ኖሮ እርማቱ ባልተገኘ ነበር። እንግዲህ የዚህ ዕውቀት አባት የመጀመሪያው ምስክርነቱ በራሱ ላይ ነበረ ማለት ይቻላል። ስሕተትን መግለጥ ለሊቅ ውርደት አለመሆኑን፥ ይልቁንም የሚቀጥለው ሰው የሚቆምበት መረገጫ መሆኑን ከእርሱ እንማራለን።

ትናንትን መልሶ መናገር ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከሆነ በኋላ የሚናገርን ሰው ሕዝባችን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያለ ይተርትበታል። ትችቱ እውነትነት አለው። ሞዴል ሠሪው ያለፈውን መዝገብ አስቀድሞ ያውቃል። በሞዴሉ ውስጥ ደግሞ ከተፈጥሮ ሕግ በቀጥታ የማይወጡ፥ ለምሳሌ ደመና በአንድ ሣጥን ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈጠር የሚወስኑ፥ በግምት የሚቀመጡ ቍጥሮች አሉ። እነዚህን ቍጥሮች ወደዚህና ወደዚያ እያደረጉ ከመዝገቡ ጋር ማቀራረብ ይቻላል። መምህራን ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የፈተናውን መልስ አስቀድሞ ያየ ተማሪ መቶ ከመቶ ቢያገኝ ትምህርቱን ዐውቋል ለማለት አይቻልም፤ መንገዱን ሳያውቅ መልሱን ብቻ ሊጽፍ ይችላልና። ስለዚህ ብልህ ፈታኝ ሁለት ነገር ይጠይቃል። የመጀመሪያው መልሱን አስቀድመህ አይተኸው ነበርን የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትክክለኛውን መልስ ያገኘኸው በትክክለኛው ምክንያት ነውን የሚል ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሞዴሎች የሚያኰራ መልስ የሰጡበት ጊዜ አለ። በጁን 1991 በፊሊፒንስ የሚገኘው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ እጅግ ብዙ የዲን ጋዝ ወደ ላይኛው አየር በረጨ ጊዜ፥ ጄምስ ሃንሰንና ባልደረቦቹ የዓለም ሙቀት ለጊዜው በግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ እንደሚል ከሞዴላቸው ተነሥተው በ1992 መጀመሪያ ላይ አሳተሙ። በዚያው ዓመት ሙቀቱ እንዳሉት ዝቅ አለ። ደግሞም ከ1970 እስከ 2007 የወጡ 17 የቀድሞ የሙቀት ትንበያዎች ከኋላው ከሆነው ነገር ጋር በተመዘኑ ጊዜ 10ሩ ከእውነቱ ጋር ተስማምተው ተገኙ። ሰዎች ወደ አየር የለቀቁት ጋዝ ከተገመተው ለበዛበት ወይም ላነሰበት ማስተካከያ ሲደረግ ደግሞ ቍጥራቸው 14 ሆነ። ይህ ጅብ ከሄደ በኋላ የተጮኸ ጩኸት አይደለም። ስለ መላው ዓለም ሙቀት በሚነሣው ጕዳይ ምስክሩ ተፈትኖ ያለፈ ነው ማለት ይገባል።

ነገር ግን ማንም ሰው በመላው ዓለም አማካይ ሙቀት ውስጥ አይኖርም። ሰው የሚኖረው በመንደሩ ነው፤ የሚጠይቀውም ስለ መንደሩ ዝናም ነው። ምስክሩ መንተባተብ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራባቸው ሞዴሎች ሣጥኖች በያንዳንዱ ጎናቸው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጡ ናቸው። እንዲህ ባለ ሣጥን ውስጥ የእንጦጦ ጫፍና የአዳማ ሜዳ አብረው ይገባሉ፤ በሞዴሉም ፊት ሁለቱ አንድ አማካይ ከፍታ ያለው አንድ ቦታ ናቸው። የእንጦጦን ብርድና የአዳማን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። ነጐድጓዳማ ደመና ከአንድ ሸለቆ እስከ ሌላው ሸለቆ ስለሚወሰን በእንዲህ ያለ ሰፊ ሣጥን ውስጥ በራሱ አይታይም፤ በግምት ይተካል እንጂ። በቅርብ ዓመታት ሣጥናቸው ወደ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል የጠበበ ሞዴሎች ለአፍሪካ ተሠርተው የዝናሙን ኀይል በተሻለ ሁኔታ ማሳየት ጀምረዋል፤ ይሁን እንጂ ወጪያቸውና የሚጠይቁት የኮምፒዩተር ጕልበት እጅግ ከፍተኛ ነው።

አሁን ምስክሩ በእኛው አህጉር የሰጣቸውን ሦስት ቃሎች እንመርምር።

የመጀመሪያው የሳህል ነገር ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሰሐራ በስተ ደቡብ የሚገኘውን ሰፊ አገር ረጅም ድርቅ መታው፤ በ1983 እና በ1984ም እንደ ገና ጸና። ሰውና ከብት አለቀ። ጥፋተኛው ማን ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። በ1950 ከጆን ፎን ኖይማን ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር የአየር ትንበያ ያወጣው ስመ ጥሩው ሊቅ ጁል ቻርኒ በ1975 አንድ ሐሳብ አቀረበ። ከብት ሣሩን ሲጨርሰው መሬቱ ይራቈታል፤ የተራቈተው መሬት የፀሐይን ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል፤ በዚህ ምክንያት አየሩ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ስለሚወርድ ዝናም ይጠፋል የሚል ነበረ። በጊዜው የነበረ ሞዴልም ሐሳቡን ደገፈለት። ቻርኒ ይህን ያለው በቅን ልቡና ነው፤ ነገሩ ግን ወደ ሹማምንትና ወደ ረድኤት ሰጪዎች በደረሰ ጊዜ ድርቁን ያመጣው ዘላኑ ነው ወደሚል ፍርድ አዘነበለ። ከብቱ ያለቀበት ሰው የከብቱ መብዛት ጥፋተኛ ተባለ።

ከ28 ዓመታት በኋላ፥ በ2003፥ አሌሳንድራ ጃኒኒና ባልደረቦቿ አንድ ሞዴል ወስደው ከ1930 እስከ 2000 ድረስ የተለካውን የውቅያኖሶች ሙቀት ብቻ ሰጡት፤ ስለ ከብትም ሆነ ስለ ግጦሽ ምንም አልነገሩትም። ሞዴሉ የሳህልን ዝናም መውጣትና መውረድ፥ ታላቁን ድርቅ ጭምር፥ ከሞላ ጎደል መልሶ አወጣው። የድርቁ ዋና ምክንያት የውቅያኖሶች ሙቀት መለዋወጥ መሆኑ በዚህ ጸና። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች የወጣው የዲን ጢስ የሰሜኑን አትላንቲክ በማቀዝቀዝ ለድርቁ ድርሻ እንደ ነበረው አመለከቱ። የዕፅዋት መራቈት ድርቁን ማባባሱ ባይካድም ዘላኑ ከዋናው ክስ ነጻ ወጣ። አንባቢ ሆይ፥ አንድ ምስክር በስሕተት የከሰሰውን ሌላ የተሻለ ምስክር ነጻ ሲያወጣው እናያለን። ትናንትን በትክክል መናገር የሊቃውንት ጨዋታ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። የተሳሳተ ታሪክ ሰውን በሐሰት ያስፈርድበታልና።

ሁለተኛው ቃል እጅግ ጥንታዊ ነው። ከ6,000 ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ ሰሐራ ሣርና ሐይቅ የነበረበት አገር ነበረ፤ በታሲሊ ተራሮች ዐለት ላይ የተሣሉት ከብቶች ይህን ይመሰክራሉ። በእኛም አገር የዝዋይ፥ የላንጋኖ፥ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ያን ጊዜ ተገናኝተው አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ከመሙላቱም የተነሣ ውሃው ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የጥንቱ ሐይቅ ዳርቻ የተወው ምልክት ዛሬም በስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ላይ ይታያል። የአሜሪካው ሊቅ ጆን ኩትስባክ በ1981 ምክንያቱን በሞዴል አሳየ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ በምትዞርበት ጊዜ ዘንጓ ቀስ እያለ ስለሚዋልል፥ በዚያ ዘመን በሰሜናዊው የምድር ክፍል የበጋ ወራት ፀሐይ ከዛሬው ትበረታ ነበር፤ ይህም የዝናም ነፋሱን ወደ ውስጥ አብዝቶ ሳበው። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሞዴሎችም በዚህ ተስማሙ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ዝናሙን ወደ ሰሜን የሚያደርሱት የጥንቱ ሐይቆችና የአበባ ብናኞች ከሚመሰክሩት እጅግ ባነሰ ርቀት ነው። የዕፅዋቱና የአቧራው መለወጥ ሲጨመርላቸው ይሻሻላሉ። እንግዲህ ምስክሩ አቅጣጫውን ዐውቆ መጠኑን አሳንሷል። እንዲህ ያለውን ምስክር ሐሰተኛ አንለውም፤ ነገር ግን ጥቂት ነው ባለ ጊዜ ከዚያ ሊበዛ እንደሚችል ከታሪኩ ተምረን እንጠነቀቃለን።

ሦስተኛው ቃል ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የቀረበና የከበደ ነው። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፥ በሶማሊያና በኬንያ ዋናው ዝናም የሚዘንመው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ወራት ነው፤ ሶማሌዎች ጉ ይሉታል። ሁለተኛውና አነስተኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚዘንመው ደይር ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ፥ ይልቁንም ከ1998 ወዲህ፥ ዋናው ዝናም በልኬት እየቀነሰ ሄደ። ሞዴሎቹ ግን ምድር በሞቀች ቍጥር የምሥራቅ አፍሪካ ዝናም ይጨምራል ብለው በብዛት መሰከሩ። በልኬትና በትንበያ መካከል ያለውን ይህን ተቃርኖ ሊቃውንት የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ጠባይ እንቈቅልሽ ብለው ሰየሙት። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ ሞዴሎች ያለፈውን ዘመን ሲያሰሉ የመጋቢትን ዝናም አሳንሰው የጥቅምትን ያበዙታል፤ ታላቁን ወንድም ታናሽ፥ ታናሹን ታላቅ ያደርጉታል ማለት ነው።

የስሕተቱ ምክንያት አንድ ብቻ አይመስልም። በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋዎች መካከል በቱርካና በኩል የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ በሰፋፊዎቹ ሣጥኖች ውስጥ በትክክል አይታይም። ብዙዎቹ ሞዴሎች የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስን ከእውነተኛው አብልጠው ያሞቁታል። ደግሞም ሞዴሎቹ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ክፍል ፈጥኖ እንደሚሞቅ ሲናገሩ፥ በእውነቱ ግን ለብዙ ዓመታት ያልሞቀ፥ ይልቁንም በከፊል የቀዘቀዘ ሆኖ ተገኝቷል። በፓሲፊክ ላይ የተሠራ ስሕተት ነፋሳትን አልፎ መጥቶ በቦረናና በኦጋዴን ዝናም ላይ ይታያል። በሌላ ወገን ደግሞ ነገሩ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ሳይሳካ ቀርቶ በሚሊዮን የሚቈጠር ከብት አለቀ፤ ነገር ግን በ2018 እና በ2024 የመጋቢት ዝናም ከመጠን በላይ ዘንሞ፥ በ2024 በኬንያ ብቻ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች በጎርፍ ሞቱ። እንግዲህ ምስክሩ ፈጽሞ ሳተ ብሎ ለማሰናበት የሚቸኵልም ሰው ነገ ሊያፍር ይችላል።

ከዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ትናንት ራሱ በምን ታወቀ? በካይሮ ሮዳ በሚባለው ደሴት ላይ በ861 የተሠራው የዓባይ ውሃ መለኪያ ዛሬም ቆሞ ይገኛል፤ የወንዙም ከፍታ ከ7ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ተመዝግቧል። ከዓባይ ውሃ ከመቶ 85 እጅ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ያ መዝገብ በውስጠ ምሥጢሩ የእኛ ክረምት መዝገብ ነው። ውሃው በሚደርስበት አገር ከሺህ ዓመት በላይ ሲለካ፥ ውሃው በሚነሣበት አገር ግን የዝናም መለኪያዎች ዘግይተው መጡ፤ ይልቁንም በቆላውና በጠረፉ ዛሬም የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ ሞዴሉ ሳተ ስንል የምንፈርድበት መዝገብ ራሱ ብዙ ክፍት ቦታ ያለበት ነው። ዳኛውም በአንድ ዐይኑ ብቻ ያያል።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ሁለት የሚያስቱ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የናቂዎች መንገድ ነው። ናቂው በአንድ ነገር የሳተ በሁሉም ሐሰተኛ ነው ይላል። ነገር ግን ዐይኑ የደከመ ሽማግሌ በመንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ አይቶ የሰውየውን መልክ ሳይለይ ቢቀር፥ ማለፉን አላየም አንለውም። ማየት የሚችለውን ከማይችለው ለይተን እንጠይቀዋለን። ሞዴሉም ስለ ዓለም ሙቀት በሚናገረው ብርቱ፥ ስለ አንድ ወረዳ ዝናም በሚናገረው ደካማ ምስክር ነው። ዝናሙን አላወቀምና ሙቀቱንም አያውቅም ማለት ማስተዋል የጐደለው ፍርድ ነው። በሙቀቱ ብቻ እንኳ መሬቱ ፈጥኖ እንደሚደርቅና የከብት ጥም እንደሚበረታ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው የአምላኪዎች መንገድ ነው። አምላኪው ሃያ ሞዴሎች አንድ ቃል ተናግረዋልና ነገሩ ተቈርጧል ይላል። በሸንጎ ግን ተመካክረው የመጡ ሃያ ምስክሮች እንደ ሃያ አይቈጠሩም። ሞዴሎች እርስ በርሳቸው ብዙ ነገር የተዋዋሱ ናቸው፤ በአንዱ ውስጥ ያለው ጕድለት በሌላውም ይገኛል። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ዝናም አብረው መሳታቸው ይህን ያስረዳል። የቍጥር ብዛትና የሥዕሉ ማማር የእውነት ማኅተም አይደለም።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የትኛው ነው? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ የሚገኘው ምስክሩ ምን ያህል እውነተኛ ነው ከሚለው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፥ ቃሉን ለምን ልንሠራበት ነው ከሚለውም ጥያቄ ነው። እሳት ተነሣ ብሎ የሚጮኸውን ሰው አስምለን አንጠይቀውም፤ እንስራችንን ይዘን እንሮጣለን። ሌባው እርሱ ነው ብሎ ሰው የሚጠቍመውን ግን እናስምለዋለን፥ እንመረምረዋለን፥ ሁለተኛም ሦስተኛም ምስክር እንጠይቃለን። የሁለቱ ቃል የእውነት ሚዛን እኩል ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ቃሉ የሚያስከትለው ሥራ ነው። ለማዳን ጥቂት ምስክር ይበቃል፤ በሰው ላይ ሸክም ለመጫን ግን ብዙ ያሻል።

ይህን ደንብ በነገራችን ላይ ብናውለው እንዲህ ይሆናል። ድርቅ ሊመጣ ይችላል ተብሎ እህል ማጠራቀም፥ ጕድጓድ ማጽዳት፥ ለክፉ ቀን የግጦሽ መሬት ከልሎ ማቈየት፥ ዝናሙ ቢመጣም ቢቀርም የማያሳፍር ሥራ ነው፤ ለዚህ ደካማ ምስክርም ይበቃል። ነገር ግን የወደፊቱ ዝናም እንዲህ ይሆናል ተብሎ ሕዝብን ከርስቱ ማንሣት፥ አርብቶ አደሩን ከብትህን ሽጥ ብሎ ማስገደድ፥ ወይም ዝናሙ ይጨምራልና የውሃ ሥራ ይቆይ ብሎ በጀት ማጠፍ የማይመለስ ነገር ነው። በሳህል ዘላን ላይ የተደረገው ስሕተት ይህን መለየት ካለማወቅ የመጣ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በትንሹ ሁሉ እሳት እሳት እየተባለ ከተጮኸ ሕዝቡ ይሰለቻል፥ ገንዘቡም ያልቃል የሚል ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የሶማሊያን ረኃብ እናስታውስ። ከ2010 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ፥ ረኃብ መግባቱ በጁላይ 2011 በይፋ እስኪታወጅ ድረስ በቂ ርዳታ ሳይመጣ ቀረ፤ 260,000 ያህል ሰዎች፥ ግማሹ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት፥ እንደ ሞቱ በኋላ ተገመተ። በዚያ ጊዜ የጐደለው የምስክሩ እውነተኛነት ሳይሆን የሰሚው ጆሮ ነበረ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምሳሌ የሚሠራው ቅጠሉ ርካሽ፥ ቃጠሎው ውድ ስለ ሆነ ነው። የከንቱ ጩኸት መድኀኒቱ ደግሞ ጆሮን መድፈን አይደለም። ስንት ጊዜ እንደ ተጮኸና ስንት ጊዜ እሳት እንደ ነበረ በግልጽ መዝግቦ መያዝ ነው።

ከዚህ የተነሣ በየፈንታችን የሚደርሰን ግዴታ አለ። ሊቁ ሞዴሉ የሳተበትን ቦታ እንደ ሪቻርድሰን ከነቍጥሩ ሊናገር ይገባዋል፤ ስለ ዓለም በጣም እርግጠኛ ነኝ፥ ስለዚህ ወረዳ ግን አይደለሁም ለማለት ማፈር የለበትም። ባለሥልጣኑ ትንበያ በቀረበለት ጊዜ ይህ ሞዴል ያለፉትን ሠላሳ ዓመታት የዚህን አገር ዝናም መልሶ ሲያሰላ ምን አገኘ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይህን መጠየቅ ምሁርነት አይሻም፥ ማንኛውም ዳኛ የሚያደርገው ነው። ቢሳሳት የሚጎዳው ማን እንደ ሆነም አብሮ ይጠይቅ። ጕዳቱ የሚወድቅበት ሰው ቃሉን ባልሰማበት ቤት የሚወሰን ውሳኔ በግማሽ የተሰማ ክርክር ነውና።

የመጨረሻው ግዴታ ታናሽ የሚመስል፥ ነገር ግን የሁሉ መሠረት የሆነ ነው። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ ወይም በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጓሮ የቆመ የዝናም መለኪያ አለ። ከጠዋቱ በ3 ሰዓት አንድ ሰው ወደ እርሱ ሄዶ ውሃውን ለክቶ ቍጥሩን ይጽፋል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ የሚያመሰግነው የለም። አንድ ቀን ታክቶት ሳይሄድ ቀርቶ ከራሱ አመንጭቶ አንድ ቍጥር ቢጽፍ ማንም አያውቅበትም። ነገር ግን ያ ቍጥር ሃያና ሠላሳ ዓመት ቈይቶ የዓለም ሊቃውንት ሞዴላቸውን የሚፈትኑበት ትናንት ይሆናል። ባዶ ቦታ ትቶ ቢያልፍ እውነተኛ ነው፤ አላየሁም ማለትም ምስክርነት ነውና። የፈጠራ ቍጥር ከጻፈ ግን ገና ያልተወለደ ሰው በሚቆምበት ሸንጎ በሐሰት መስክሯል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይሁን እንጂ ንጋት ማንም ሳይደክምበት ሲመጣ፥ እውነት ግን የሚጠራው የየዕለቱን ልኬት በታማኝነት የሚጽፍ፥ ስሕተቱን ሳይሸሽግ የሚገልጥና ከመፍረዱ በፊት የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ነው። ስለ ትናንት የሳተ ምስክር ስለ ነገ ይታመናልን ላልነው ጥያቄ እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። የት እንደ ሳተ ከተናገረና እኛም ቃሉን ለማዳን እንጂ ለመጫን ካልቸኰልንበት፥ በሚያየው መጠን ይታመናል። ስሕተቱን የሸሸገ ምስክር ግን ስለ ትናንት እውነቱን ቢናገር እንኳ ስለ ነገ ሊታመን አይገባውም።